ጀርባውን ለባሕሪ

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ካርቱም፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጥጋቡ፣

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምድጃህን አነደድኩት፤ ጭሱም ቤት አልገባም። ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይደለም። በዚህ ምድጃ ምክንያት አራት ወር ሙሉ እንደተነታረክን የሚያውቀው ጎረቤታችን የሕያ ብቻ ነው። እሱም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጭሱን ሲያይ ቆየና ፊቱን አዙሮ ገባ። እኔ ደግሞ ድስቱን ትቼ ወረቀት ፍለጋ ተነሳሁ። ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ቢሆንም አንተን "አንተ" እያልኩ ካላወራሁ ዛሬ የሚመሽልኝ አልመሰለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር በዘበኝነት ከምትጠብቀው ቪላ ነው። ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ድንጋይ በክብ አስደርድሮ፣ መሃሉን የእሳት ቦታ፣ ዙሪያውን መቀመጫ፣ ጥጉን የሥጋ መጥበሻ አስገነባበት። አንተም በር ላይ ቆመህ ስታየው ከረምክ። አንድ ዓርብ ገና ከመግባትህ "ሰርኬ፣ እኛስ ሖሽ አለን አይደል እንዴ?" አልከኝ። ሖሽ ማለትህ ይህቺን ግቢያችንን ነው፤ አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ የውሃ ጋን፣ ሁለት አንገረብ አልጋ፣ የቀረው አሸዋ።

የስሚንቶ ከረጢት ቀደህ በከሰል ነደፍክበት። እሳቱ ከቤቱ በር ስድስት እርምጃ፣ ከዛፉ አምስት። አንድ የድስት ምድጃ፣ አጠገቡ ፍም የሚዘረጋበት ረዘም ያለ የሥጋ መጥበሻ፣ ከሥሩ የማገዶ ቦታ። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ሲመጣ የምንከበው ክብ እሳት፣ ዙሪያውን ከጡብ የተሠራ መደብ። "ስምንት ሰው ያስቀምጣል" አልከኝ። "እኛ ሁለት ነን፤ ስድስቱን ከየት ልታመጣ ነው?" አልኩህ። "ቦታው ይኑር እንጂ ሰው ይመጣል" አልክ። ልጅ ማለትህ እንደነበር ያኔም ገብቶኛል። ገብቶኝ ሳለ የዛፉ ቅርንጫፍ እሳት ይይዛል እያልኩ ወሬ አስቀየርኩህ። ይቅር በለኝ። እኔም እፈልግ ነበር፤ አፌ ነው እንቢ ያለው።

ጡቡን ወንዝ ዳር ካሉት ማቃጠያዎች አብረን ሄደን በአህያ ጋሪ አመጣነው። ግንበኛው ጎረቤታችን የሕያ ሊያማክረን መጣ። እናቱ የአገራችን ሴት ብትሆንም፣ እዚሁ ተወልዶ አድጎ አማርኛው በዐረብኛ የተጣፈ መሆኑን ታውቃለህ። "ስሚንቶ እሳት አይችልም፣ በጭቃ ሥሩት" አለ። ቀጠለና ያቺን ቃል ተናገረ፦

"ምድጃ ጀርባ ለባሕሪ ስጡት። ኸላስ፣ ጭስ የለም።"

እዚህ አገር ባሕሪ ሰሜን ነው። ካፉሪ ያለችበትን ከተማም ባሕሪ ይሉታል፤ ከካርቱም በስተሰሜን ስለሆነ። እኔ ካፉሪ ስምንት ዓመት ወጥ ስሠራ ይህ አልጠፋኝም። ስነግርህ ግን ሳቅክብኝ። "የባሕር ዳርን ልጅ ባሕር ምን እንደሆነ አንቺ ልታስተምሪው?" አልከኝ። ላንተ ባሕሪ ውሃ ነበር፤ ወንዙ ደግሞ ከእኛ በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ የምድጃውን ጀርባ ለምዕራብ ሰጥተህ አፉን ወደ ቤታችን በር ከፈትከው። ለሙከራ ያነደድን ቀን ነፋሱ ከሰሜን መጣና ምድጃውን በጎን መትቶ ጭሱን በአፉ በኩል ወደ በሩ ገፋው፤ አልጋችን ድረስ አስገባው። ዓይንህ እንባ እያፈሰሰ "ጡቡ ሲደርቅ ይተዋል" አልክ። ጡብ ሲደርቅ ነፋስ አቅጣጫ እንደሚቀይር የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ስምንት ቀን "ባሕሪ" እያልኩ አበሸቅኩህ። አንተም ወንዙን በአገጭህ እያሳየህ "ያውልሽ ባሕሪ" ትለኝ ነበር። ለፋሲካ እንመርቀዋለን ብለን ነገሩን አሳደርነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቀዳም ሥዑር ነበረ። አንተ ተረኛ ነበርክ። ጠዋት ተኩሱ ሲጀምር ሠርገኛ የሚተኩስ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት ድልድዩ ተዘጋ ተባለ። የተገዛው በግ ዛፉ ሥር ታስሮ ይጮሃል፣ ሰማዩ ይጮሃል፣ ስልክህ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን ደወልክ።

"ሰርኬ! አለሽ? ቤት እንዳትቆዪ። ወደ ባሕሪ ውጪ፣ እዚያ አገኝሻለሁ። በጀ..."

ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን አልሰማሁም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም ነግሬው አላውቅም። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ "ባሕሪ ሂጂ አለኝ፣ ሄድኩ፣ አልመጣም" እላለሁ። ሰው ያዝንልኛል። እውነቱ እንዲህ ነው፦ አንተ በደወልክ በሰዓቱ አሠሪዬ ሸይማእ ከካፉሪ ደወለችልኝ። "ተዓሊ ያ ሰርኬ፣ ነይ፣ ምድር ቤት አለን፣ ምግብ አለን፣ ብቻሽን አትሁኚ" አለችኝ። ያኔ ለራሴ "ጥጋቡ በመጨረሻ ቃሉን ተማረ፣ ባሕሪ ሲል ከተማውን ነው" አልኩ። የሕያንም በአጥሩ ላይ ጠርቼ "ከመጣ ባሕሪ ሄዳለች በለው" ብዬው ወጣሁ።

ጥጋቡ፣ አውቅ ነበር። ባሕሪ ስትል ውሃ ማለትህ መሆኑን በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። "በጀ" ስትልም በጀልባ ልትል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥይት በሚዘንብበት ወንዝ ዳር ብቻዬን መቀመጡን ፈራሁት። የምፈልገው ወፍራም ግድግዳ ነበር። ስለዚህ ቃልህን እንደሚመቸኝ ተረጎምኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔ የባሌን ቃል አጠብኩት።

ካፉሪ አሥር ቀን ቆየን። ውጊያው ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ሸንዲ ከተማ ሸሸ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። እዚያ ወጥ እየሠራሁ በየቀኑ ስልክህን ሞከርኩ። የሚያልፉ ያገር ሰዎችን ሁሉ ጠየቅኩ። መንገዱ ሲከፈት፣ ባለፈው ሳምንት ነው፣ ወደ ቤታችን ተመለስኩ።

በሩ የለም። የጣሪያው ቆርቆሮ ተነቅሏል፣ አንገረቦቹ ተወስደዋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተፈልቅቆ ወጥቷል። ምድጃው ግን ቆሟል። መጀመሪያ ሳየው የዞርኩት እኔ መሰለኝ። አፉን ወደ ደቡብ፣ ወደ ባዶው ሜዳ ከፍቷል። ጀርባው ወደ ሰሜን ነው። እጄን ብሰድድ ጭቃው በሌላ እጅ የተለሰነ አይደለም፤ በአውራ ጣትህ እየጫንክ የምታልፈው ያ ጉድጓድ ጉድጓድ ነገር አለበት።

የሕያ መጣ። ከዚህ ሰፈር አንድ ቀን አልወጣም፤ ፀጉሩ ሸብቷል። እሳቱን የምንከብበት መደብ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ።

"ጥጋቡ መጣ፣ አንቺ ሄደሽ ስድስት ቀን። በጀልባ ተሻግሮ። ሦስት ቀን ጡብ ማቃጠያ ጋ ጠበቀሽ፣ ወላሂ፣ ምግብ የለ፣ ምን የለ። ከዛ እዚህ መጣ። 'ሰርኬ ወይን? የት ናት?' አለ። እኔ 'ባሕሪ ሄደች' አልኩት።"

"ምን አለህ?"

"'ከባሕሪ ነው የመጣሁት፣ የለችም' አለ።" የሕያ አሸዋውን በእግሩ ደለደለ። "ከዛ ገባው። ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዛ ተቀመጠ እዚህ።"

መንገዱ ተኩስ ስለነበረበት አምስት ቀን መውጣት አልቻልክም አለኝ። በአምስቱ ቀን ምድጃውን አፍርሰህ ሠራኸው። የሕያ "አንተ መጅኑን ነህ? እብድ ነህ? ሰው እየሞተ ምድጃ?" ብሎህ ነበር። አንተ "ሰርኬ ስትመጣ ጭስ አይግባባት። ልክ ነበረች" አልከው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ "ባሕሪ ልፈልጋት ነው፤ በእሷ ባሕሪ" ብለህ ወደ ካፉሪ በእግርህ ሄድክ። ያን ጊዜ እኛ ከካፉሪ ወጥተን ነበር።

ካፉሪ ሄጄ ፈለግሁህ። የሸይማእ ቤት ዘበኛ አንድ ሐበሻ በር ሲያንኳኳ እንደነበር ያስታውሳል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ሌላ ምንም የለኝም። ሞቷል የሚለኝ አላገኘሁም፤ አለ የሚለኝም አላገኘሁም። አንተ ስለ እኔ ብለህ የእኔን ቃል ተማርክ፤ እኔ ስለ ራሴ ብዬ ያንተን ቃል የማላውቅ መሰልኩ። ከዚህ በላይ የሚያቃጥለኝ ነገር የለም።

ዛሬ ነፋሱ ከሰሜን በርትቶ ሲነፍስ ነው ያነደድኩት። ምስር ጣድኩ፤ ሥጋ ለመጥበስ ሆዴ እንቢ አለ። ጭሱ ከምድጃው አፍ ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አጥሩን ዘሎ ወደ ሜዳው ሄደ። ጥቂት እንኳ ቤት አልገባም። ዓይኔ ግን ያው አነባ። መደቡ ላይ ከስምንቱ ቦታ በአንዱ ተቀመጥኩ፤ ካንተ ቦታ ቀጥሎ ባለው።

ደብዳቤውን ምድጃው ሥር፣ ለማገዶ ካዘጋጀኸው ቦታ አስገባዋለሁ። እኔ ሳልኖር ብትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደነደደ ሳታይ ቤት አትገባም። ካጣኸኝ ደግሞ ካፉሪ አትሂድ። ዓርብ ዓርብ ጡብ ማቃጠያዎቹ ጋ እወርዳለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፤ አሁን አልፈራውም። ጀልባ በመጣ ቁጥር እነሳለሁ፣ የሚወርዱትን ቆጥሬ እቀመጣለሁ። ያልከኝ ቦታ ላይ ነኝ፣ ጥጋቡ። ዘግይቼ ነው እንጂ መጥቻለሁ።

ባንተ ባሕሪ የምጠብቅህ፣
ሰርክአዲስ