አባባ በጆሯቸው ያስተካከሏት ብሎን

እህትዓለም፣

ምድጃ ከመለኮስሽ በፊት መስኮቱን ክፈቺ፤ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በሰማያዊው ሳፋ ዕቃ እንዳታጥቢ፣ ካርቡሬተሩን ያጠብኩበት ነው።

አጽድቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ። የአባባ መኪና ትነሳለች።
ድምፅዋ ግን የሷ አይደለም።

ያቺን ቤንዚንና አየር የምትመጥነውን ትንሽ ብሎን፣ “ከመፍታትህ በፊት ዙሯን ቁጠር፣ አባባ በጆሯቸው ያስተካከሏት ናት” ብለሽኝ ነበር። “እሺ” አልኩሽ።
ሳልቆጥር ፈታኋት።
ሰው ሁሉ “አንተ እኮ ጆሮ አለህ” ሲለኝ ኖሮ፣ በጆሮዬ እመልሳታለሁ ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ ስል ዋልኩ። ጸለይኩም። መኪናዋ አንዴ ትስላለች፣ አንዴ ትጮሃለች። አባባ ቢሰሟት “ማነው ጉንፋን ያስያዛት?” ይሉ ነበር።

እጃቸው እንዳስቀመጠው የቀረልን ነገር ያቺ ብሎን ብቻ ነበረች። አውቃለሁ።

ጋቢና ከጎናቸው ተቀምጠሽ ያደግሽው አንቺ ነሽ። እኔ ድምፅዋን የማውቀው በር ስከፍትላቸው ነው።
ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ካቻቪቴው ወንበርሽ ላይ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልነካትም።

የማታ ፈረቃ ገባሁ። ነገ ስመለስ በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ውጭ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ወንድምሽ