ደወላችንን ስላጸዱልን

ለተከበሩ የመንደራችን ሹም፣ ለክቡር ሉማላኢ
ፋሌታሙ፣ ሳቫይ ደሴት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና መንገድ ዳር ለተተከለው አዲሱ የድምፅ ማጉያዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ድምፅ እንዳያስተጋባ በእናቴ ጓዳ ግድግዳ ላይ ፍራሽ ሰቅዬ በኮምፒውተር ሙዚቃ የምቀርጸው፣ እርስዎም «ከፍራሽ ጋር የምታወራዋ» እያሉ በፍቅር የሚጠሩኝ ቫይኦሌቲ ነኝ።

እንደሚያውቁት ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። አባባ ፔኒያሚና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በብረት እየመቱ ለምሽት ጸሎት ወደየቤታችን ሲሰበስቡን ኖረዋል። ክቡርነትዎ ግን በሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ ይህ በዚህ ዘመን እንደሚያሳፍር አስረድተው፣ ደወሉን አንድ ጊዜ እንድቀርጸውና ከዚያ ወዲያ ማጉያው በየምሽቱ እንዲያሰማው አዘዙ። ስለ ውለታዎ በተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ስለ ቀረጻው። ማይክሮፎኑን ራቅ እናድርገው ብዬ ብለምን፣ በገዛ እጅዎ ወስደው ሲሊንደሩ ሥር ደቀኑት። በመጀመሪያው ምት የድምፅ መለኪያው ቀይ ሆነ፤ የተቀረጸውም ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሲቀረጽ የፈነዳ ድምፅ በኋላ ቢቀንሱት እንደማይድን ጉባኤው በሙሉ በእርስዎ ቸርነት ተማረ። ማይክሮፎኑን ከዛፉ ወዲያ ወስጄ ደወሉን እንደገና ስቀርጸው ደህና ወጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ውሻው ይውጣ አሉ፤ በምትና በምት መካከል ስለጮኸ ቆርጬ አወጣሁት። ዶሮውም እንዲሁ። ቀጥለው ባሕሩ ይውጣ አሉ። የባሕሩ ድምፅ ከደወሉ ሥር ተነጥፎ ስለሚሰማ፣ እሱን ስስብ የደወሉም ሥጋ አብሮ እንደሚመጣ በትሕትና አስረድቼ ነበር። በመጨረሻ የቀረልን ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ነው። ክቡርነትዎ ግን «አሁን ገና ንጹሕ ሆነ» ብለው መረቁኝ።

ሦስተኛውን ለማመስገን ትንሽ ይከብደኛል። የአባባ ፔኒያሚና ሦስተኛ ምት ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ትከሻቸው ስለሚደክም ብረቱን ወደ ግራ እጃቸው ያዛውራሉና። ያቺ ምት በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ከጓደኞቿ ርቃ ስትታይ በጣትዎ ጠቁመው «ይቺን ሰልፍ አስገቢያት» አሉኝ። ቆርጬ ጎትቼ ከመስመሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ አራቱም ምቶች እኩል ተራመዱ።

ማጉያው በጠራን የመጀመሪያ ምሽት ወደ ቤቱ የገባ ሰው አልነበረም። እናቴ የአይስክሬም መኪና የመጣ መስሏት ሳህን ይዛ ወጣች። በጸሎት ሰዓት የሚዘዋወረውን ለመያዝ ሽርጣቸውን ታጥቀው መንገድ ላይ የቆሙት ወጣቶችም፣ ዓሣ በእጅዎ አንጠልጥለው ሲንሸራሸሩ ክቡርነትዎን ያዙ። በመንደራችን ደንብ የተወሰነውን ቅጣት፣ አንድ ካርቶን የታሸገ ዓሣ፣ ሳያጉረመርሙ መክፈልዎ የሚያስመሰግን ነው። ወጣቶቹን ግን «ደወሉ መች ተደወለና?» ብለው እንደጠየቁ ሰምቻለሁ። የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ፔኒያሚና ማታ ማታ ብረታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ልጠይቃቸው ብሄድ «ልጄ፣ እጄን ከዚያ ውስጥ አወጣሽው እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ ሥራቸው እንዲመለስላቸው በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ማጉያው ለራግቢ ውጤት ይበቃል። ለክቡርነትዎ ንግግር እንዳልል፣ እሱ ያለ ማጉያም ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

ለሹመትዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለማጉያዎ ረዥም እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከፍራሾቼ መካከል ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ቫይኦሌቲ ታፉና

ሳልጠቅሰው እንዳይቀር፦ በእኛ ሙያ የሚቆረጠው ቅጂው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው እኔ ዘንድ አለ፤ ውሻው፣ ዶሮው፣ ባሕሩ፣ የዘገየችውም ምት ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ከአራተኛው ምት በኋላም፣ ቀረጻው ያለቀ መስሎዎት አባባ ፔኒያሚናን ያጫወቱበት ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «እኔ እንኳ ወደ ቤት ሩጫ የምጀምረው ሦስተኛዋ ስትዘገይ ነው እኮ።» ይህን ገና አላጸዳሁትም። እስከ እሑድ ሥራቸው ካልተመለሰላቸው፣ ለመንደሩ በሙሉ በማጉያዎ አሰማዋለሁ።