ሔቨን ያመለጣት ፈተና

ታኅሣሥ 7 ቀን 2000 ዓ.ም.
ዴንቨር

ለምወድሽ ባለቤቴ ለፈትለወርቅ፣

እናትሽ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? ይህን የምጽፍልሽ ታክሲዬን ዳውንታውን ካለው ኮሌጅ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ነው። ልጃችን ሔቨን ግቢው ውስጥ የሒሳብ ፈተና ላይ ነች። ከወደቀች «ኤፍ» የሚለው ውጤት ዕድሜ ልኳን ከስሟ ጋር ይኖራል። መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ረቡዕ ረፋዱ ላይ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ ልጄን እዚሁ በር ላይ አየኋት። ኦሮራ ባለው ሃይስኩሏ ውስጥ መሆን የነበረባት ልጅ ከአንድ ፀጉሩን ካንጨባረረ ጎረምሳ ጋር ደብተር ዘርግታ ትስቃለች! ደሜ ፈላ። «ዳድ፣ የኮሌጅ ክላስ አለኝ፤ ፋይናል ፈተናው አሁን ሊጀምር ነው፤ ነሐሴ ላይ ፈርመህልኝ የለ?» ትለኛለች። «አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርሺ፣ ማትሪክ ሳትወስጂ የምን ኮሌጅ? ማንን ልታሞኚ ነው?» አልኳት። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የታለና! እጇን ይዤ ታክሲ ውስጥ አስገባኋትና ሃይስኩሏ ወሰድኳት። የትምህርት አማካሪዋ «ዛሬ እኮ ኮሌጅ ነው የምትውለው፤ ጎበዝ ስለሆነች ሁለቱንም ትማራለች» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ የፈቃድ ወረቀቱን ሳላነብ ፈርሜያለሁ! እየበረርን ወደ ኮሌጁ ስንመለስ ፈተናው አልቋል።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ሰበሰብኩ! ዓርብ ዕለት ጋሽ ዑቕባይንና አቶ ሀብተጊዮርጊስን ሙሉ ልብስ አስለብሼ የኮሌጁ የሒሳብ መምህሯ ቢሮ ወሰድኳቸው። ሴትዮዋ ደነገጠች። ጋሽ ዑቕባይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ከፈተና በር ጎትቶ የወሰዳት አባቷ ነው። ለሽበታችን ሲሉ ልጅቷን ይማሯት» አሏት። እሷ ግን ቁጭ በሉ እንኳ ሳትለን፣ «ይቅርታ፣ ስለ ተማሪዬ ከራሷ በቀር ከማንም ጋር አላወራም፤ ከአባቷም ቢሆን» ብላ ሸኘችን። አባት ምን ሊሆን ነው ታዲያ!

ቢሆንም ደህና የሠራሁ መስሎኝ ቤት ገብቼ ለሔቨን ነገርኳት። ብድግ አለች። «ዳድ! ምን አደረግህ? ታምሜ ነበር ብዬ ኢሜይል ጽፌላታለሁ እኮ! አሁን ውሸታም ነኝ!»

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«ፖሊስ እንዳይጠሩብህ ብዬ ነዋ!»

ፈትሌ፣ ልጄ እኔን ለማዳን ዋሸች፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄጄ አጋለጥኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔስ የሚለቀም እንኳ አላስቀረሁም።

መምህሯ ቅዳሜ መልስ ላከችላት፦ እውነቱን ጽፈሽ ሰኞ ጠዋት ይዘሽ ነይ፤ ከዚያ እወስናለሁ። ዛሬ መንገድ ላይ ወረቀቱን አነበበችልኝ። «ዋሽቻለሁ፣ አባቴ እጄን ይዞ ጎትቶ ወሰደኝ፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም፣ ስላልገባው ነው» ይላል። «አንተ እዚሁ ቆይ፣ አትግባ» ብላኝ ገባች። ከዚያ «ፈቀደችልኝ» የሚል ቴክስት ላከችልኝ። ይኸው ከገባች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነው።

ወጣች! ከዚያ ጎረምሳ ጋር እየሳቀች ደረጃውን ትወርዳለች። ተመስገን፣ ሠርታዋለች ማለት ነው። አሁን ታክሲዬን አየች፤ ሳቋም ጠፋ።

እሷ ሳትደርስ ልጨርስልሽ። ከወረቀቱ ላይ የተወችው አንድ ነገር አለ። ለአንቺም አልነገረችሽም፤ ብትነግርሽ ኖሮ ትደውይልኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት እጇን መያዝ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት በጥፊ መታኋት።

እግዚአብሔር ለእናትሽ ምሕረቱን፣ ለእኔም ልቦናን ይስጥ። ቶሎ ነይልን።

ባልሽ ኃይሌ