ሁለታችንን የምትይዝ ጀልባ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

የሁለት ወንበር ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ደንበኛዬ "ቀለሙ ጠቆረብኝ" አለች። ራሷ መርጣ ያመጣችው ጨርቅ! ልብሱን አጣጥፌ ሰጠኋት። ለጨርቅ ልጣላ?

ሰውዬዬ ጡረታ ከወጣ ወር ሞላው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ አሁን በገዛ ቤቱ መንገድ ጠፋበት። ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን... እያንዳንዱ ወንበር ጋ ቆም ይላል፣ ተሳፋሪ የሚጭን ይመስል። እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና "ጀልባ እንግዛ" አለ።

"የምን ጀልባ?"

"ያገለገለች። ትንሽዬ። ሸራ ያላት፣ ውስጧ ሁለት ሰው የሚተኛባት። በመኪናችን እየጎተትን ዛሬ እዚህ ሐይቅ፣ ነገ እዚያ..."

"በምን አቅማችን?"

"በአቅማችን ልክ ያለችውን ነዋ። አሮጊት ብትሆንስ? እኛ ማን ነን?"

ሳቅኩበት። ዕቃ ሳጥብ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሐይቅ ላይ ማደር... ለምን አይሆንም?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

የመጀመሪያዋን አየን። ነጭ፣ አዲስ ቀለም የተቀባች። ሰው ጓሮ ውስጥ ተጎታቿ ላይ ተቀምጣለች። ጀልባ መሬት ላይ ሲያዩት እንዲህ ከፍ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መሰላል ተደግፎላታል።

እሱ መጀመሪያ የተጎታቹን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ የአውቶብስ ሰው አመሉ አይለቀውም። ከዚያ ሽቅብ እንደ ጦጣ። እኔ "ከዚህም ይታየኛል" ብዬ ከታች ቀረሁ።

ከክረምት ወዲህ ቀኝ ጉልበቴ አልታጠፍም ብሎኛል። ሐኪሙ "ያረጀ ነው፣ ብቻ አንቀሳቅሺው" አለኝ። ደረጃ አንድ በአንድ እሺ። መሰላል ግን... ሰውዬዬ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ነኝ፤ ስነሳ ካነከስኩ "ደነዘዘኝ" እላለሁ፣ ያምነኛል። ለምን አልነግረውም? አምና ወገቤን አመመኝ ብለው፣ ዘመድ ጥየቃ ልንሄድ የቆረጠውን ትኬት መልሶ ሳምንቱን ሙሉ ትራስ ሲያስተካክልልኝ ከረመ። ይቺንም ጀልባ እንዲሁ ነው የሚተዋት። ቅር ሳይለው፣ እየሳቀ። ከዚያ እንደገና ከሳሎን ወጥ ቤት...

ነጯ አልሆነችም። ላይኛውን ወለል በተረከዙ ሲጫነው እንደ ስፖንጅ ገባ። ቀለሙ መሸፈኛ ኖሯል። ለሻጩ "እናስብበታለን" ብሎት ወረደ። ጨዋ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ልጄ ደወለች። የጉልበቴን ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

"እማዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

"ብነግረው ጀልባውን ይተወዋል።"

"ካልነገርሽው ደግሞ ብቻውን የሚሄድበትን ይገዛል።"

እውነቷን ነው። ስልኩን ዘጋሁና ዚፕ ስፈታ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ሁለተኛዋ። ትልቅ፣ ግርማ ያላት። የእኛ መኪና ሽቅብ አትጎትታትም። "ይቺን እንድገዛ አውቶብሱን ይመልሱልኝ" አለ። ደግሞ በሯ ሲከፈት የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ወረደ። ከታች መቆም ጥቅም ሲኖረው ይኸው ዛሬ ነው፣ አፍንጫዬን ይዤ ፈጥኜ ሸሸሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ሰማያዊዋ። ወይ ጉድ፣ ውበት! ሻጩ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ድምፁ ለስላሳ። ሸራዋ ንጹሕ፣ ሞተሯ በመጀመሪያ ሲሳብ ተነሳ፣ ወለሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ። ዋጋዋም እኛ ካሰብነው ብዙ አይርቅም።

ሰውዬዬ ቁመቱ የበር ጠላት ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግንባሩን ያልመታው ጉበን የለም። ከውስጥ ሆኖ ሲጮህ ሰማሁት።

"ቀጥ ብዬ ቆምኩ! ቀጥ! ነይ ግቢ!"

"አየሩ ደስ ብሎኛል፣ እዚሁ ልሁን።"

"የምትተኚበትን ሳታዪ?"

"አንተ ካየኸው ይበቃል።"

ጭንቅላቱን በመስኮቱ አውጥቶ አየኝ። ያ ሁሉ ደስታ ከፊቱ ላይ እልም አለ። መኪና ውስጥ "አልወደድሻትም" አለኝ። "ኧረ ቆንጆ ናት!" አልኩ። እውነቴን ነው። ቆንጆ ናት፤ እኔን ግን አታስገባኝም። ነገ ቀብድ ሊሰጥ ነው። ከውጭ መቅረቱን እኔ የመረጥኩት መስሎት ዕድሜ ልኩን ብቻውን ሊቀዝፍ?

እሑድ፣ መጋቢት 23

ወጣሁ! ራሴን አዋርጄ፣ ግን ወጣሁ። ቀብድ ልንሰጥ ሄደን፣ ሰውዬዬና የጥርስ ሐኪሙ ተጎታቹ ጀርባ ስለ ጎማ ሲያወሩ መሰላሉን በእጄ እየሳብኩ፣ ግራ እግሬን እያስቀደምኩ... ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሌላ መሰላል ገደል ነው። ተቀምጬ ተንሸራተትኩ።

ውስጡ... እንጨት። ክብ መስኮት። ፀሐይ አልጋው ላይ። ቁጭ አልኩና ልቤ ሞላ። ለካ እኔም ፈልጌው ነበር፤ ለእሱ ብዬ ብቻ አልነበረም።

ልነሳ ብል እንቢ። ጉልበቴ ቆለፈ። ብሞክር፣ ብሞክር... ተጣራሁ።

ሐኪሙ ከላይ ይስባል፣ ሰውዬዬ ከታች ይገፋል። ሐኪሙ "ትንሽ ብቻ ነው የሚያምዎት፣ ይታገሡኝ" ሲለኝ ጥርሴን የሚነቅል መሰለኝና ሳቄ መጣ። ከሳቄ ብዛት አቅሜ ሁሉ ከዳኝ፣ መልሼ ቁጭ። ቀጥሎ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። የጠረጴዛውን ሳንቃ ነቅለው፣ በእሱ ላይ እንደ ቁም ሣጥን አንሸራተው አወጡኝ።

መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ያንጎራጉራል። ዛሬ አላንጎራጎረም። ቤት ልንደርስ ስንል "ከመቼ ጀምሮ?" አለ።

"ከክረምት።"



ሰኞ፣ መጋቢት 24

ለሐኪሙ ደውሎ "ይቅርብኝ" አለው። እንደፈራሁት። አለቀ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 26

የጨርቅ መለኪያ የእንጨት ሜትሬ ጠፋ። የመጋረጃ ጥብጣብ ጥቅልሉም ጎድሏል። ሰውዬዬን ብጠይቀው ዓይኔን ሳያይ "አላየሁም" አለ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመጣል። "እግሬን ላፍታታ" ነው መልሱ። ተቀይሞኛል? ደብቄዋለሁና ቢቀየመኝስ ምን ይፈረድበታል...

ቅዳሜ፣ መጋቢት 29

ይሄን ሳልጽፍ አላድርም።

ጠዋት የማላውቃት ሴትዮ ደወለች። "ያ እግራቸው የማይታጠፈው ሰውዬ ቤት ነው? ኮፍያቸውን ረስተውብኝ ነው። ምስኪን፣ እንዴት ሆነው ይሆን?"

እግሩ የማይታጠፍ? ሰውዬዬን ጠራሁት። ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ሄዶ ከመኪናው ወንበር ሥር ሜትሬን አመጣ፣ ጥብጣቡ እንደተጠመጠመበት።

"ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አስሬው ነው ጀልባ የማየው" አለኝ። "አንቺ የምትገቢበትን በዓይን ማወቅ አልቻልኩማ።"

"ስንቱን አየህ?"

ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አሳየኝ። ቅልጥሙ ሁሉ በልዟል። አንዷ ላይ መሰላል ጥሎታል፣ አንዷ ላይ በሩ አጣብቆት ባለቤቱ ነው የጎተተው። "የሴትዮዋ ላይ ግን ያለ ማንም እርዳታ ገባሁ። ተቀመጥኩ። ወጣሁ። አዝናልኝ ውሃ ሁሉ ሰጥታኛለች።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ አንገቱን አቀፍኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ወድጄው አላውቅም፣ ነገርኩትም።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አለ።

"ትተወዋለህ ብዬ።"

ሱሪውን ወደ ታች መለሰና፣ "ልተወው ነበር" አለ። "እሑድ ዕለት። ከዚያ ያለቀስሽው ትዝ አለኝ። እንደዚያ ያለቀሰ ሰው የማይፈልገው ነገር ላይ አይወጣም።"

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

ሴትዮዋ የአበባ ችግኝ ሻጭ ናት። ሰውዬዬ ደህና ሲራመድ አይታ አፏን ያዘች።

"ውይ፣ እግርዎ ዳነ?"

ሜትሬን ይዤ ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ሳቀች። "እኔ ለእግራቸው አዝኜ ነው እኮ ዋጋ የቀነስኩት!" አለች።

"ለኔ እግር ይሁንልን" አልኳት። አጸደቀችልን።

ጀልባዋ? አታምርም። ቀለሟ የሻይ እድፍ፣ ወገቧ ሰፊ። ግን እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር የሚወርደው ብረት በገመድ ወደ ላይ ይሳባል፤ ስለዚህ ተጎታቿ ላይ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ዝቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከኋላዋ ሰፊ መርገጫ። ወደ ውስጥ አንድ ሳጥን የሚያህል ደረጃ ብቻ። ረገጥኩ፣ ገባሁ። ማንም አልያዘኝም! ወለሏን በተረከዜ ጫንኩት፣ ጠንካራ። አሸተትኩ... ፍራሾቹ ሻግተዋል፣ የቀረው ደህና። ፍራሽ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ሸራው ሁለት ቦታ ተቀዷል፣ እሱም የኔ። ሞተሯ ታስላለች፣ እሷ የሰውዬዬ።

እሱ ተከትሎኝ ሲገባ ጓ! ግንባሩ። ውስጡ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው።

"ሰማያዊዋ ውስጥ ቀጥ ብለህ ቆመህ ነበር" አልኩት። አንጀቴን በላኝ።

"ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት። ለመቀመጥ ማን ብሎኝ!" እያለ ግንባሩን ያሻል።

ገዛናት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ፍራሾቹ አለቁ። ከደንበኛ ከተረፈ ጨርቅ፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ። የጣራውን እንጨት ደግሞ በስፖንጅና በቆዳ ሸፈንኩለት። ሞክረው አልኩት። ሆን ብሎ መታው። "ትራስ ነው" አለ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 30

የተጎታቹን ጎማ ፈቶ ቅባት ሲቀባ ዋለ። ጥቁር በጥቁር ሆኖ መጣ። ያንጎራጉራል።

እሑድ፣ ግንቦት 5

ሐይቁ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ቢወላገድ ውሃው ነው። ትናንት ወረድን፣ እዚሁ አደርን። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ ሥር ሲያወራ ነበር። እንቅልፍ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?

ጠዋት ብርዱ ይሁን ምን፣ ጉልበቴ ክፉኛ ያዘኝ። ልደብቀው ነበር። ጉዞው ገና መጀመሩ፣ ሸራው አሁን መነሳቱ፣ ሰውዬዬ ደግሞ ደስ ብሎት... ፊቱን አየሁት።

"አሞኛል" አልኩ። "ጉልበቴን።"

ዳርቻው ቅርብ ነው። መኪናችን ከዚህ ይታያል። "እንመለስ" እስኪል ጠበቅኩ። አፌ ላይ "ደህና ነኝ" የሚለው ተዘጋጅቷል።

"የቱ ጋ?"

"ከጎኑ። እዚህ።"

"ወዲህ አምጪው።" እግሬን ቀስ አድርጎ አንስቶ ጭኑ ላይ ዘረጋው። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ጉልበቴ ላይ። መዳፉ ይሞቃል።

"እንዲህ ይሻላል?"

"ይሻላል።"

ነፋሱ ሸራውን ሞላው። መኪናችን እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። አልተመለስንም።