ይማም፣ የድንጋይህ ውጤት መጣ

አሰላሙ ዐለይኩም ይማም።

ይህን የምጽፍልህ እኔ ነኝ፣ ሚስትህ መዲና። ማንንም ለምኜ አላስጻፍኩም፣ በገዛ እጄ ነው። ካንተ ከተለየሁ ወዲህ ሁለት ረመዳን ብቻዬን አፈጠርኩ፤ ሦስተኛው እየመጣ ነው። አንተ የምታውቃት መዲና ፈርሚ ስትባል አውራ ጣቷን ቀለም ትነክር ነበር። አሁን ጣቴን ቀለም የሚነካው እስክሪብቶ ሲያፈስ ብቻ ነው። እዚሁ የስደት ሰፈራችን ጀብራ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ገባሁና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነን፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

አገሩ ተገለባብጧል። አንተ የሞትክ ሰሞን የዳቦ ወረፋ ነበር፤ ወረፋው ወደ ሰልፍ ተለወጠ፣ ሰልፉ ያን የማይነቃነቅ ይመስል የነበረውን ሰውዬ ከሥልጣን ወንበሩ አወረደው። ዳቦው ግን አሁንም በወረፋ ነው። በክረምቱ አባይ ሞልቶ ጀሪፍ ሰፈር ብዙ ቤት ገባ፤ እኛ ጋ አልደረሰም። የኛ ቤት እንዳለ ነው፣ በሩም እንደ ድሮው ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ በተነሳ ቁጥር ይላተማል።

አሁን ወደ ድንጋይህ ልምጣ።

ወርቅ ቁፋሮ ብለህ ሰሜን በረሃ ሄደህ በሁለት ወርህ የተመለስክ ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ የጆሮ ወርቅ ስጠብቅ አንተ በሸሚዝ የተጠቀለለ፣ ሁለት ቡጢ የሚያህል፣ ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ዳቦ የመሰለ ነገር ከሻንጣህ አወጣህ። ከተሰበረ ሬዲዮ የነቀልከውን ማግኔት ስታስጠጋው ቀጭ ብሎ ተለጠፈ። «ከሰማይ የወረደ ነው» አልከኝ። «ሰው ሁሉ ከመሬት ሲቆፍር ያንተ ሲሳይ ብቻ ከሰማይ ወረደ?» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በሳምንቱ ጀብራ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ይማም ሐጀር» ይልህ ጀመር፣ ይማም ድንጋዩ። ስሙን ያወጣልህ ጓደኛህ ሙሄ መስሎህ ስንት ጊዜ አኮረፍከው! ድንጋዩም በር ማስደገፊያ ሆነ። ወባው ጥሎህ እንኳ ወደ በሩ እያየህ «አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ያየዋል» ትል ነበር።

የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ለካ የቅርባችን ሰው ኖራለች። አልሳሃፋ ሰፈር ቤቷን የማጸዳላት ዶክቶራ ሰልዋ! ሆድህን ባመመህ ቁጥር «መድኃኒት ጠይቂልኝ» የምትለኝ ሴትዮ የሰው ዶክተር አይደለችም ይማም፣ የድንጋይ ናት። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ዕቃዋን ቤት አምጥታ ነበር፣ ሲከፈትም ገና አልመለሰችውም። አቧራ ስጠርግ ያንተን የመሰለ ድንጋይ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ አየሁ። «ይሄ እኮ እኛ ቤት በር ይይዛል» አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። «መዲና፣ ነገውኑ ይዘሽው ነይ!»

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ያደፈ ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አርብ አርብ አጥቤ የሰሊጥ ዘይት እቀባው ነበር፣ ያንተ ስለሆነ። ለዚያ ቀንማ በሽቦ ፈትጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። እንደ ሙሽራ አብለጨለጨ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሌላው ሰው ስንት ዓመት ተምሮ ይገባል፤ እኔ በሀፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ገባሁ። ድንጋይ የሚመረምሩበት ማሽን ማጉያ መነጽር አለው፣ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ አረንጓዴ ብርሃን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል። ብርሃኑ ሲመለስ ትንሽ ቀለሙን ለውጦ ነው፤ እያንዳንዱ ማዕድን በራሱ መንገድ ስለሚለውጠው ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው መስመር ማንነቱን ይናገራል። ንባብ ነው በለው። ድንጋይም ፊደል አለው።

ያን ቀን ግን ምንም አልተነበበም። መስመሩ እንደ ሀቡብ አቧራ ተነስቶ ሁሉን ሸፈነው። ዶክቶራ ድንጋዩን አሸተተችው። «ምን ቀባሽው?»

«የሰሊጥ ዘይት። ንጹሑን ነው፣ ተራውን እንዳይመስልሽ!»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዘይቱ ያ ብርሃን ሲነካው እሱም ያበራል አሉ፣ የድንጋዩን ብርሃን ይውጠዋል። ሁለት ዓመት ስቀባው ስንጥቁ ሁሉ ጠጥቶታል። «ኸላስ፣ በቃ፣ ንጹሕ ፊት እንዲገኝ ከውስጡ መቆረጥ አለበት» አለች። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ካንተ የቀረኝን አንድ ነገር በመጋዝ ላስቆርጥ? በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት መለስኩት።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ስለምትወዱት ሰው አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አንብቡ አለን። «ባሌ ይማም ከሰማይ የወረደ ድንጋይ አገኘ» ብዬ አነበብኩ። ሙሄ ከፊቴ ነው የሚቀመጠው፣ ከክፍሉ ሁለተኛ ነው። ዞር ብሎ «እውነተኛ ነው የተባልነው፣ መዲና። ማስረጃሽ የታለ?» አለ። ክፍሉ አውካካ። ደብተሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ድንጋዩን ሳላስቆርጥ ብቀር ያ የመሳለቂያ ስም ላንተ ዘላለም ሊቀርልህ ነው። በማግስቱ ሀፍላ ተሳፈርኩ።

መጋዙ ውሃ እየጠጣ ቀስ ብሎ ቆረጠ። ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። ውስጡ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ ነው፣ የብረት ፍንጣሪ ያብረቀርቅበታል፣ ቀጭን ጥቁር ክር ያልፍበታል። አሁን ዶክቶራ ያስረዳችኝን ላስረዳህ፤ በደንብ ስማ፣ አልደግምም። አረንጓዴው ብርሃን ሲያርፍ መስመሩ ላይ ሁለት ጫፎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ወጡ። ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው። ጥቁሩ ክር ውስጥ ግን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ እዚያ ሲያርፍ ሁለቱ ጫፎች ቦታ ለቀው ሄደዋል። ያው ኦሊቪን ነው፣ የተጨመረበት የለም፤ ሰማይ ላይ ከሌላ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ተጨፍልቆ ሌላ ማዕድን ሆነ እንጂ። አጠገቡ ያለው ነጩ ማዕድን ደግሞ መስታወት ሆኗል፤ መስመሩ ጫፍ አጥቶ እንደ ግመል ሻኛ እብጥ ብሎ ቀርቷል። ይህን የሰው መዶሻ አያደርገውም፣ መሬት ላይ መውደቁም አያደርገውም። ልክ ነበርክ።

ዶክቶራ ከወንበሯ ተነስታ እልል አለች። የወሎ ልጅ ሆኜ ዝም ልበል? አቀለጥኩት። ታዲያ በአብዮቱ ጊዜ እዚህ ሰልፍ የሚነሳው ሴት እልል ስትል ነበር። ኮሪደሩ ባንዴ ተማሪ ሞላ። አንዱማ ባንዲራ ለብሶ ደርሷል፣ «ሰልፉ የት ነው?» ይላል። «ሰልፍ የለም፣ የባሌ ድንጋይ ነው» አልኩት። እሱም ጨበጠኝ።

ከዚያ ዶክቶራ ቅጽ አወጣች። «ያገኘው ሰው» የሚለው ላይ ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። ይማም አሊ ብዬ በኛ ፊደል ጻፍኩ። መስመር አልለቀቅኩም። እሷ ከሥሩ በዐረብኛ ደገመችው።

መስመሩ የታተመበትን ወረቀት የማታ ክፍላችን ወስጄ በጣቴ እየተከተልኩ አስረዳሁ። ማንም አላውካካም። ሙሄ ኮፍያውን አውልቆ «አፉ በለኝ ይማም» አለ።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ይማም፣ ያን ስም ያወጣልህ ሙሄ አይደለም። እኔ ነኝ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹን ላስቅ ብዬ ጣል አደረግኩት፣ ሰፈሩ አነሳው፤ አንተ ሙሄን ስታኮርፍ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህንንም በዚያው ክፍል ፊት ተናግሬዋለሁ። ሙሄ «አውቅ ነበር፣ ከቤትህ ነው የወጣው ብዬ ልነግረው አልቻልኩም» አለኝ። ስኮራ ጮክ ስል ሰምተኸኛል፤ አሁን ዝቅ ብዬ አፉ በለኝ እልሃለሁ።

ቁራጩ በስምህ ዩኒቨርሲቲው ጋ ቀረ። የቀረው ቤት ነው፣ መደርደሪያ ላይ፣ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ሰው ዞሮ። በሩን አሁን የሚይዘው ጡብ ነው። አርብ አርብ ዱዓ አድርጌልህ ድንጋይህን እጠርገዋለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ፣ ያለ ዘይት። እንግዳ ሲመጣም ማን እንዳገኘው ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ ካላመነኝ ጽፌ አሳየዋለሁ።

ሚስትህ መዲና፣ በገዛ እጇ።