ሁለተኛው ሲሊንደር

ከአሪዞና በረሃ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የምጠይቅሽ ከልቤ ነውና እንደ ወጉ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትመልሺልኝ። እኔ ከጉልበቴና ከጣቶቼ በቀር አለሁ። ተጎታች ቤታችንም ትተሽው በሄድሽበት ቦታ፣ ቁልቋሉ ሥር ቆሟል። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ያስተማረችኝን ውቀሺ። ካረጀሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ያነበብኩት የጋዝ ሲሊንደር ራስ ላይ ነው፤ ጣቴን ይዘሽ በብረቱ ፊደል ላይ እያስኬድሽ «ክፈት ይላል፤ ይህን ካወቅሽ ሌላው አይከብድሽም» አልሽኝ።

ተቀይሜሻለሁ። ልጅሽ ሮይስ ሊወስድሽ የመጣ ዕለት «ለጥርሴ ነው፤ ነቅለውልኝ እመለሳለሁ» አልሽ። ጥርስ! ስንት ጥርስ ቀርቶሽ ነው? እኔም ቦሎቄ እየለቀምኩ ነበርና ቀና ብዬ እንኳ በቅጡ አላየሁሽም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምድጃው አልጠፋም። ባሎቻችንን ቀብረን እዚህ ቤት አብረን ስንገባ ያወጣሽው ሕግ ትዝ ይልሻል፦ ከሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ ብቻ ይከፈት፣ ሁለተኛው ተዘግቶ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቀድማ የበረዳት ወጥታ ሁለተኛውን ትክፈት። ሁለቱም ከተከፈቱማ፣ ትይ ነበር፣ አንዱ ሳይናገር ያልቃል፣ ሌላው ሳይናገር ይተካዋል፤ ሰው የሚያውቀው ሁለቱም ሲያልቁ ነው። ስንቱን ጧት ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለን «እኔ አልበረደኝም፤ አንቺስ?» «እኔማ እንዲያውም ያልበኛል» ስንባባል አረፈድን! መጨረሻ ላይ እየተራገምሽ የምትወጪው ግን አንቺ ነበርሽ።

እሳቱ ሳይጠፋ ሲሰነብት ጎረቤታችን ቨርጂል ላይ ኮራሁበት። «ጋዙን ስትጨርሰው የኖረችው እሷ ናት፤ በየቀኑ በሙቅ ውኃ እየተንቦጫረቀች። ይኸው ብቻዬን ስሆን አንዱ አላልቅ አለ» አልኩት።

ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ድንጋይ በሆነበት ጧት ምድጃውም ማሞቂያውም ጠፉ። ሁለተኛውን ልክፈት ብዬ ኮት ደርቤ ወጣሁ። ክዳኑን ባነሣ ሁለቱም ክፍት ናቸው። በመካከላቸው ያለችው፣ አንዱ ሲያልቅ የምትቀላው ትንሿ መስኮት፣ በክዳኑ ቀዳዳ ስትታየኝ ሁልጊዜ አረንጓዴ የነበረችው፣ ቀልታለች። ቨርጂል መጥቶ ፈታቸውና እንደ ዶሮ አንጠልጥሎ ወዘወዛቸው። «ሁለቱም ባዶ! ምነው ሴትዮ፣ ቀዩን ሳታዪ ከረምሽ? ዓይንሽንም እንደ ጥርስሽ ብርጭቆ ውስጥ ነው የምታሳድሪው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ። ስደውል ያነሣው ሮይስ ነው። እናትህ ሁለቱንም ከፍታ የሄደችው በብርድ ልትገድለኝ ነው ወይ ብዬ ጮኽኩበት። «አክስቴ፣ ‹እጇን ያማታል፤ ከእንግዲህ የሚወጣላት የለም፤ ከአልጋዋ ሳትነሣ ይቀየርላት› ብላ ነው» አለኝ። ከዚያ የቀረውንም፣ ጥርሱ ሰበብ እንደነበርና የያዘሽ ሌላ ሕመም እንደሆነ፣ ነገረኝ። እንዳይነግረኝ አስምለሽው ነበር አሉ። «አትምጣ፤ መንገዱን ጉልበቷ አይችለውም» ማለትሽንም ነገረኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምድጃው ፊት ተቀምጬ ቀረሁ። ቀሚስሽን ከወገብሽ ላይ በመርፌ ቁልፍ ስትሰበስቢ አይቻለሁ። የበቆሎ ዳቦሽን ለቀበሮዎቹ ስትወረውሪ አይቼ ምግብ ታባክኛለሽ ብዬ ተቆጥቼሻለሁ። ወፍራሙን ኮትሽን «ሰፍቶኛል፤ ልበሺው» ስትዪኝ፣ አሮጌሽን በእኔ ላይ ትጭኛለሽ እያልኩ ወሰድኩት። ያን ጧት ደርቤ የወጣሁት እሱን ነው። መስኮቷ ቀልታ ነበር፤ እኔ በአጠገቧ ውኃ ሳመላልስ ከረምኩ።

እንዲህ ያለ ደግነት አልወድም፤ ልንገርሽ። ብርዱን ትደብቂኝ ዘንድ ማን ፈቀደልሽ? እሳቱ በጊዜው ጠፍቶ ቢሆን በርዶኝ፣ ተነሥቼ፣ የማደርገውን አደርግ ነበር።

አሁን ስሚ። ሁለቱንም ሲሊንደሮች አስሞልቻለሁ፤ ለመንገድ ተዘግተው ታስረዋል። ቤቱን ከቨርጂል ፒካፕ መኪና ኋላ ቀጥለነዋል። «ይህ ቤት ዳገት ሲያይ ይበታተናል» አለኝ፤ «ከተበታተነ እየለቀምክ ትጭነዋለህ» አልኩት። ለሮይስ ንገሪው፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ያን የማይሄድ ጀልባውን ያንሣ፣ የምቆመው እዚያ ነው። አልጋሽ እንደተነጠፈ አለ። መውጣት ከቻልሽ ትተኚበታለሽ፤ ካልቻልሽም መስኮትሽ ሥር ነኝ፣ ስታስዪ እሰማሻለሁ።

«አትምጣ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ነገር ግን ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቀድማ የበረዳት ትውጣ ብለሻል።

እስክደርስ እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። ሕመሙን ያቅልልሽ፤ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ። ስደርስ የምከፍተው አንዱን ብቻ ነው።

«አልበረደኝም» ስትል የኖረችው
ታላቅ እህትሽ