በድምፄ ቢደወልልሽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ትረግሚዋለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እግሯ ይታዘዝላታል? አናጢው ባልሽ፣ ልጅሽ፣ ቤቱ ደጁ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካላቴ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ከማንበብሽ በፊትም የፖስታውን አፍ እይልኝ፣ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ከመሰለሽ ደብዳቤውን ባመጣልሽ የአውቶቡስ ሹፌር ምንም አትላኪልኝ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ምን እንደጻፍኩልሽ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ አንዴ ብቻ ቢጠይቀኝ ወሬ ይወዳል ብዬ በተውኩት ነበር።

በደብዳቤሽ አፈር ድሜ አብልተሽኛል። እሑድ ዕለት ደውዬልሽ፣ እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳልል፣ የእማዬንም ጤና ሳልጠይቅ፣ ቆቁ የት ነው ያለው ብዬ ስለ ታናሻችን እንደጀመርኩ፣ አንቺም ከተማ ሰላምታ ያስረሳል ወይ ብለሽ ጆሮዬ ላይ እንደዘጋሽው ጽፈሻል። እታለም፣ እኔ እሑድ አልደወልኩልሽም። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ተፈታቶ የጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የታየሽ ቁጥር የእኔው ከሆነም ቁጥርም ይሰረቃል ማለት ነው። ደብዳቤሽን እዚያው ቆሜ ደግሜ አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ በመስታወት በታጠረች ክፍል ተቀምጬ የሚነሳውንና የሚደርሰውን በድምፅ ማጉያ እናገራለሁ። አምና አንድ ድርጅት መጣና፣ እኔ ስታመም በእኔ ድምፅ የሚናገር ማሽን እንሠራለን አለ። አለቃዬ ፈርም አለኝ፤ ፈረምኩ። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ክፍል ውስጥ አስገብተው ስንቱን አስነበቡኝ መሰለሽ! ሻንጣዎን አይርሱ የሚለው ገባኝ። እናቴ እንዴት ናት የሚለውን ግን አንዴ እየሳቅህ፣ አንዴ እያለቀስህ አንብብ ሲሉኝ፣ አውቶቡስ ደግሞ መቼ ያለቅሳል ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁ፤ እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲህ ድምፄ ያለ እኔ ይዞር ጀመር። ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው አንድ ቀን መዶሻ ልዋሰው ብሄድ ፊቱን አጠቆረብኝ። ለካ ማታውን በእኔ ድምፅ ተደውሎለት፣ ስልክህን በስምህ ካላስመዘገብክ ትቀጣለህ ተብሏል። ማታ እየዛትክብኝ ጠዋት መዶሻ ትዋሳለህ ወይ አለኝ። ብምል ብገዘት አላመነኝም። ሻይ ቤትም ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የመንግሥት ጆሮ አድርገውኛል። እኔም በተራዬ ዝም ያለውን ሁሉ ምን ደብቆ ነው እያልኩ እጠረጥረዋለሁ፤ ባሕሪዬ ተበላሽቷል።

ከስሼ ነበር። የድርጅቱ ጠበቃ ጉሮሮው የእሱ ነው፣ የተቀዳው ድምፅ ግን የእኛ ንብረት ነው፣ ለፈለግነው እንሸጠዋለን አለ። የመንግሥቱ ጠበቃ ተነሥቶ እኛ ገዝተን ለሕዝብ ጥቅም አዋልነው፣ ለምን እንዳዋልነው መናገር ደግሞ ለጸጥታ አይበጅም አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ድምፅ ንብረት ነው ወይስ እንደ እጅና እግር አካል ነው ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም ሕጉ ስለዚህ ዝም ብሏል አሉ። በመጨረሻ ለማመሳከሪያ እንዲሆን ድምፄን እንደገና እንድቀዳ ታዘዝኩ። የተዘረፈ ቤት ለሌባው ሌላ ዕቃ ያስገባል እንዴ? ጠበቃዬ ካልተቀዳህ መዝገቡ ይዘጋል አለችኝ። ይዘጋ አልኩ። እሷንም ማመን ትቼ ነበር፤ በኋላ ግን ስንነጋገር ስልኳን መሳቢያ ውስጥ እንደምትቆልፍ ሳይ ትንሽ ለቀቅ አልኩ።

ይህ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው ብዬ ዝም ብዬሽ ነበር። አሁን ግን የቆቁ ጣጣ ሆነ። ታናሻችን በማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የሰው መልእክት እየተከፈተ ሲነበብ አይቶ ለጋዜጣ ተናገረ፤ እነሱ ደግሞ የመንግሥት ምስጢር ሰረቀ ብለው ይፈልጉታል። የሰውን ደብዳቤ የሚያነበው ከሳሽ፣ ተነበበ ያለው ተከሳሽ! የተሸሸገበትን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም፣ እንዳትነግሪኝም። እሑድ የደወለልሽ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ያ ቁጣሽ ግን! ስንት ጊዜ አማርሬበታለሁ፤ ዛሬ ባረክሁት። አንቺ ባትቆጪ ኖሮ ወንድማችን ይኼኔ ታስሮ ነበር። ያስፈራኝ የደብዳቤሽ መጨረሻ ነው። ተጸጽተሽ፣ ሌላ ጊዜ ስትደውል የት እንዳለ ቁጭ ብዬ አጫውትሃለሁ ብለሻል። እባክሽን አታጫውቺኝ! ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስህተታቸውን ከሰሙ ማሽኑን ሰላምታም ስለሚያስተምሩት ነው። ምናልባት እስካሁን ራሳቸው ደርሰውበታል፤ በሚቀጥለው የወገብሽን ሕመም ሳይቀር ይጠይቅሽ ይሆናል። በምናውቀው ነገር ልፈትነው አትበይ፣ የምናውቀውን ሁሉ በስልክ አውርተነው ጨርሰናል። ቢያለቅስም ዝጊበት። ታምሜያለሁ ቢልም፣ እማዬ ትሙት ብሎ ቢምልም ዝጊበት። እኔ ከእንግዲህ አልደውልም። ድምፅሽን ሳልሰማ መክረሙ እንደ እሳት ይፈጀኛል፤ ቢሆንም አልደውልም።

አናጢውን ሰላም በይልኝ፤ በሩን በደንብ ይቀርቅር። ልጅሽን ሳሚልኝ፣ በስልክ ዘፈን እንድትዘፍንለት የሚጠይቃት ካለ እንዳትዘፍንለት። ቆቁን ስታገኚው፣ ታላቅ ወንድምህ ኮርቶብሃል በይው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስልክ ሲጮህ የልጄ ድምፅ ነው ብላ ከእጅሽ ልትነጥቅ ትችላለች፤ አትስጪያት። ታውቂያታለሽ፣ እናቴ ላላት ሁሉ የሆዷን ትዘረግፋለች። ማሽን ነው ብትያትም አታምንሽም፤ ያጠባችውን ልጅ ድምፅ እንዴት ታጣዋለች? ስለዚህ ሰድቦኛል፣ ከእናንተ ጋር አልነጋገርም ብሏል በያት። ታልቅስ፤ ብትረግመኝም ዝም በይ። አንዱን ልጇን በገዛ አፏ አሳልፋ ከምትሰጥ ሌላውን ክፉ ልጅ ነው ብላ ብትቀር ይሻለኛል።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጣቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን